በ«ልዩ ልዩ ወጪ» ስለሚመዘገቡት ሰዎች

ክቡራን አንባብያን እንደሚያውቁት፣ በማናቸውም የንግድ ቤት የሒሳብ መዝገብ ውስጥ ለዕቃ መግዣ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለግብር፣ ለባንክ ወለድና ለመኪና ጭነት ለየራሱ የተለየ ዓምድ ተከፍቶለት ይገኛል። ከሁሉ በታች ግን «ልዩ ልዩ ወጪ» የሚባል አንድ ዓምድ አለ። በዚህ ዓምድ የሲባጎ፣ የሳሙና፣ የሻማና ለእንግዳ የተገዛ የለስላሳ መጠጥ ዋጋ ይመዘገባል። ከነዚሁ ጋራ ተደባልቆ፣ ስሙ ሳይጠራና ሒሳቡ ሳይለይ፣ ጆንያውን ከመኪና አውርዶ መጋዘን ያስገባው ሰው ዋጋም ይጻፋል። የተቀደደውን ጆንያ የሰፋችው፣ የገበያተኛውን ቋንቋ የተረጐመው፣ ሌሊቱን ከመጋዘኑ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ያነጋው ሁሉ መዝገቡ የሚያውቃቸው ከሳሙናው ቀጥሎ ነው።

ይህ የሒሳብ አጻጻፍ ልማድ ነው፤ ጥፋት አይባልም። ነገር ግን ነጋዴው በመዝገቡ የማያየውን ሰው በመጋዘኑም አያየውም። በዓመቱ መጨረሻ ትርፍና ኪሳራ ሲተሳሰብ፣ ይህ ዕቃ ሳይሰበርና ሳይርስ ለምን ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው የጐደለው ለምን ጐደለ ተብሎ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ለመነጋገር ከጋምቤላ የተሻለ ከተማ አይገኝም። ሌሎች ከተሞች በቤተ መንግሥት ወይም በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ሲቈረቈሩ፣ ጋምቤላ ግን የተቈረቈረችው ለመጫንና ለማውረድ ነውና። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥትና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል ዋና ጉዳዩ የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን ነበር። በአራተኛው አንቀጹ ግን በባሮ ወንዝ ዳር፣ በኢታንግ አቅራቢያ፣ ወንዙን ተከትሎ ከ2000 ሜትር የማይበልጥ፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማያልፍ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ተሰጥቶ የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ተስማሙ። ቦታው ለፖለቲካና ለጦር ጉዳይ እንዳይውል፣ ውሉም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ እንዲጸና ተወስኗል። በ1896 ዓ.ም. ጣቢያው በጋምቤላ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው፣ ነጭ ዓባይን ሽቅብ ተከትለው፣ በሶባት ገብተው፣ ከ1000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ በውኃ ተጕዘው ባሮ ላይ መድረስ ጀመሩ።

ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ ጋምቤላ ንግድ ያጠኑትን የተመለከተ ሰው፣ በዚያ ዘመን ምን ያህል ቡና በዚህ በር እንደ ወጣ ይረዳል። የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና፣ ከጎሬና ከሳዮ ተነሥቶ፣ ወደ ቀይ ባሕር ከመጓዝ ይልቅ ወደ ባሮ መውረዱ ይቀለው ነበር። ቡና፣ ሰም፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ይወጣል፤ ጨውና አቡጀዲ ይገባል። ስለዚህ ንግድ ሲጻፍ የመንግሥታቱ፣ የአገረ ገዢዎቹ፣ የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች፣ የመርከብ ኩባንያዎቹም ስም ይነሣል።

ያልተነሣው ቡናውን ያወረደው ጀርባ ነው። ከጎሬ ደጋ በቡሬ በኩል ወደ ባሮ ቆላ የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ፣ በቅሎና አህያ ቆላው ላይ በገንዲ ዝንብ እንዴት እንደሚያልቁ የሰማ ሁሉ፣ ቡናው በከብት ብቻ እንዳልተጓጓዘ ያስተውላል። ብዙው በሰው ትከሻ ወርዷል። ባሮ መርከብ የሚያሳልፈው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ፣ ክረምቱ ወንዙን በሞላበት ወራት ብቻ ስለ ሆነ፣ ጭነቱ ሁሉ የሚጣደፈው ዝናቡ በሚበረታበት፣ ጭቃው ጉልበት በሚውጥበት፣ የወባ ትንኝም በሚራባበት ጊዜ ነበር። ውኃው ከጐደለ መርከቡ አሸዋ ላይ ይቀመጣል፤ ያ የነጋዴ ዓመትም በዚያው ያልቃል። እንግዲህ የጋምቤላ ንግድ ሁሉ የተንጠለጠለው በዝናብ ውስጥ ጆንያ ተሸክሞ በሳንቃ ላይ በሚረማመድ ሰው እግር ላይ ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም።

የኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. ያዛት፤ በ1933 ዓ.ም. ተለቀቀች። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻነቷን ባወጀች ጊዜ የውሉ ዘመን አብቅቶ፣ ጣቢያዋ በ1949 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ቡናውም ፊቱን ወደ መኪና መንገድ አዞረ፤ በጅማና በአዲስ አበባ በኩል ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች ይሄድ ጀመር። የመርከቡ ፉጨት ቀረ። ሸክሙ ግን አልቀረም።

ዛሬ ዕቃው የሚመጣው በመኪና ነው። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ፣ በመቱና በጎሬ ቁልቁል ወርዶ፣ ዱቄቱ፣ ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ ሲሚንቶውና ቆርቆሮው ጋምቤላ ይገባል። መኪናው ብዙ ጊዜ የሚገባው ማታ ወይም ንጋት ላይ ነው። ጫኝና አውራጆቹ ከዚያ በፊት ተሰብስበው ይጠብቃሉ፤ ምክንያቱም በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት እስከ 40 ዲግሪ ሲደርስ፣ አንዳንድ ቀንም ሲያልፍ፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት በኋላ በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ጆንያ መደርደር ጤናን መሸጥ ነው። ሁለቱ ከመኪናው ላይ ያነሣሉ፤ አንዱ ከታች ጀርባውን ይሰጣል፤ ጆንያው ከማጅራቱ በታች ሲያርፍ ጉልበቱ እጥፍ ብሎ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚረግጠውን አያይም። በእግሩ እየዳሰሰ ይሄዳል። መጋዘን ውስጥ ክምሩ እየበዛ ሲሄድ ደግሞ በጆንያ ላይ በተሠራ ደረጃ ሽቅብ ይወጣል፤ ጆንያውንም የሚያስቀምጠው ወርውሮ ሳይሆን አንሸራቶ ነው፤ ቢወረውረው ይፈነዳልና።

ይህን አሠራር ማንም በትምህርት ቤት አያስተምረውም። ክምሩ እንዳይናድ ጆንያው እንዴት እንደሚጠላለፍ፣ ዱቄትና ናፍጣ በአንድ መኪና ሲመጡ የትኛው መጀመሪያ እንደሚወርድ፣ ከታች ያለው ጆንያ እርጥበት እንዳይስብ ምን እንደሚነጠፍለት የሚያውቀው ጫኙ ነው። በደንብ የተደረደረ መጋዘን ሦስት ወር ይቈያል፤ በጥድፊያና በቍጣ የተደረደረው በሳምንቱ ይሻግታል። እንግዲህ አንድ ባለ መጋዘን ከሃምሳ ኩንታል ዱቄት ሁለቱ ሻግተውበት ከተገኘ፣ ያጣው ገንዘብ ለአውራጆቹ ጨምሮ ቢከፍል ኖሮ ከሚያወጣው ስንት እጥፍ እንደሚሆን ራሱ ያስላው።

በዚህ ቦታ አንባብያን የሚያነሡት ክርክር አለ፤ እርሱም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በብዙ የአገራችን ከተሞች በጫኝና አውራጅ ሥራ የተደራጁ ወጣቶች፣ ባለ ዕቃው በገዛ ሠራተኛው ወይም በገዛ እጁ ላውርድ ሲል አታወርድም ይሉታል፤ የፈለጉትን ዋጋ ይጠራሉ፤ ዋጋውም በዕቃው ሳይሆን በባለ ዕቃው አለባበስ ይተመናል ተብሎ ይነገራል። ይህ እውነት የሆነበት ጊዜ አለ። ማንም ሰው በገዛ ንብረቱ ላይ ዋጋ በግድ ሊቈረጥበት አይገባም፤ የሚያስገድደውም ሰው ሊወደስ አይገባውም። ነገር ግን ነጋዴው ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። አስቀድሞ የተስማሙበት፣ በጽሑፍ የሰፈረና ሁሉም የሚያውቀው ዋጋ በሌለበት ቦታ፣ ዋጋ የሚወሰነው መኪናው ቆሞ ሹፌሩ በሚቸኵልበት ሰዓት፣ በጩኸት ነው። ጩኸት ደግሞ አንዳንድ ቀን ለጫኙ፣ አንዳንድ ቀን ለነጋዴው ያደላል። ስኳር በጠፋበት ሳምንት ጫኙ ያሸንፋል፤ ሥራ በጠፋበት ወር ነጋዴው በግማሽ ዋጋ ያሠራዋል። ሁለቱም የሌላውን ክፉ ቀን ይጠብቃሉ። ቡናውን በናሙና፣ ሰሊጡን በደረጃ፣ ብረቱን በሚሊ ሜትር ለክቶ የሚገበያይ ነጋዴ የጫኙን ዋጋ ብቻ ለጩኸት መተዉ የሚያስደንቅ ነው።

ስለ ሸክሙ ክብደትም መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን እህል የሚሸከፈው በኩንታል፣ ይኸውም በ100 ኪሎ ነው። የዓለም ቡና ንግድ ሒሳቡን የሚቈጥረው በ60 ኪሎ ጆንያ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1959 ዓ.ም. ስለ ሸክም ክብደት ስምምነት ሲያወጣ፣ አብሮት ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ አንድ ጐልማሳ ወንድ ሠራተኛ በተደጋጋሚ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ ባይበልጥ እንዲሻል አመልክቷል። ስለዚህ አንድ የጋምቤላ ጫኝ በአንድ ጊዜ የሚሸከመው የበቆሎ ጆንያ ከተባለው መጠን እጥፍ ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል። ሲሚንቶው በ50 ኪሎ ከረጢት ስለሚመጣ ይቀላል ይባላል፤ ነገር ግን አቧራው ሳንባ ይገባል፤ ላብ ሲነካውም ትከሻን ይልጣል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለምክር ነበር፤ በመጋዘን ደጃፍ ግን ምክርነቱ ቀርቶ ሃምሳውም ሎሚ በአንድ ሰው ጀርባ ላይ ይጫናል።

ጫኙ ሲወድቅስ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስበት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኀላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ጧት ለአንዱ ነጋዴ ዱቄት፣ ቀትር ላይ ለሌላው ቆርቆሮ፣ ማታ ለሦስተኛው ቢራ የሚያወርድ ሰው፣ ወገቡ ሲቀጭ አሠሪው ማነው? ዱቄቱ ባለቤት «እኔ የቀጠርኩት አይደለም፤ ለማኅበሩ ከፍያለሁ» ይላል። ማኅበሩ «እርሱ አባል እንጂ ተቀጣሪያችን አይደለም» ይላል። ሹፌሩ «እኔ የማውቀው መሪዬን ነው» ብሎ ይነሣል። በዚህ መካከል ሰውየው በባሕር ዛፍ ቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ጓደኞቹም ለመድኃኒቱ ገንዘብ ያዋጣሉ። የመዋጮውን ወረቀት ይዘው ሲዞሩ ወደ ንግድ ቤትም ይመጣሉ፤ ነጋዴውም ብዙ ጊዜ በልግስና ይሰጣል። ደግነቱ አይካድም። የሰጠው ብር ግን በመዝገቡ «ርዳታ» ተብሎ ይጻፋል። ዕዳ የነበረው ነገር ምጽዋት ሆኖ ተመዘገበ።

ከጫኙ ቀጥሎ፣ ምናልባትም ከእርሱ ይበልጥ የተረሳ፣ አንድ ሰው በጋምቤላ ሱቆች ውስጥ ቆሞ ይገኛል፤ እርሱም አስተርጓሚው ነው። በማዕርግ አስተርጓሚ አይባልም። «ልጁ» ይባላል። ወይም «ተላላኪው»። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ገበያው ግን በአኝዋክኛ፣ በኑዌርኛ፣ በመዠንግርኛ፣ በኦፖኛና በኮሞኛ ይነጋገራል፤ ኦሮምኛና ከፍኛም ከደጋው ይወርዳሉ፤ ዐረብኛው ደግሞ ከድንበሩ ማዶ ይመጣል። ከላሬ ወይም ከጂካዎ በሬውን ሸጦ የመጣ አንድ የኑዌር ሽማግሌ ሱቅ ሲገባ፣ ባለ ሱቁ የሚያውቀው ሰላምታውን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ማለት የጨርቁ ዐይነት፣ የበቆሎው ዋጋ፣ ትናንት የተበደረው፣ ለሚቀጥለው የሚያመጣው፣ በዚያ ልጅ ምላስ ያልፋል።

ይህ ልጅ ቃል ብቻ አይደለም የሚያሸጋግረው። ሽማግሌውን ቀድሞ ማስቀመጥ እንደሚገባ፣ ከዋጋው በፊት ስለ ከብቱና ስለ ቤተ ሰቡ መጠየቅ ክብር እንደ ሆነ፣ ባለ ሱቁ በቀልድ የተናገረው ነገር በዚያኛው ቋንቋ ስድብ እንዳይሆን ማለዘብ እንደሚያስፈልግ ያውቃል። ስንት ጠብ በአንድ የተለዘበ ቃል እንደ ቀረ ማን ቈጥሮታል? በዚህ አገር በተለያዩ ጊዜያት በሕዝቦች መካከል ግጭት ተነሥቶ ሱቆች ሲዘጉ፣ ገበያው ሲበተን ያላየ ነጋዴ የለም። ገበያው ተመልሶ ሲከፈትም መጀመሪያ የሚሠራው ሚዛኑ ሳይሆን የአስተርጓሚው አፍ ነው።

በ2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ከ300 ሺህ የሚበልጡ ስደተኞች በክልሉ ተጠልለው በኖሩበት ጊዜ፣ በኢታንግ አካባቢ ባሉት መጠለያዎች ዙሪያ ትልቅ ገበያ ቆሟል። ብዙ የጋምቤላ ነጋዴዎች ከዚያ ገበያ ጥሩ ትርፍ አግኝተዋል። ያገኙትም ያ ልጅ አጠገባቸው ስለ ቆመ ነው። ደመወዙ ግን የሱቅ ጠራጊ ደመወዝ ነው፤ ምክንያቱም የሚጠየቀው የትምህርት ማስረጃ ስለ ሌለ ነው። አራት ቋንቋ አፉን ሞልቶ መናገር በወረቀት ስላልተጻፈለት ዋጋ የለውም። በአዲስ አበባ አንድ ሰው እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ቢያውቅ ኤምባሲና ኩባንያ ይሻማበታል፤ አኝዋክኛና ኑዌርኛ የሚያውቀው ግን እግረ መንገዱን መሬቱንም እንዲጠርግ ይታዘዛል።

ስለ ጀልባ ቀዛፊውና ስለ ጀልባ ነጂውም ጥቂት ማለት ይገባል። በክረምት፣ በባሮ ታችኛው ወገን ያሉ ወረዳዎች መንገዳቸው በውኃ ሲቈረጥ፣ ጨውም መድኃኒትም ሸቀጥም የሚደርሰው በጀልባ ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ባሮና ሌሎቹ ወንዞች ከዳርቻቸው ወጥተው ብዙ ቀበሌዎችን ባጥለቀለቁ ጊዜ፣ ሰውም ከብትም የዳነው ውኃውን በሚያውቁ ሰዎች ነበር። ጀልባ ነጂው አሸዋው በዚህ ዓመት ወዴት እንደ ዞረ፣ ግንዱ የት እንደ ተቀበረ፣ ጉማሬው በየትኛው ጥልቅ እንደሚውል ያውቃል፤ ይህን የሚያሳይ ካርታ በየትም መሥሪያ ቤት አይሸጥም። የመኪና ረዳትም እንዲሁ ነው፤ በጎሬ ቁልቁለት መኪና ቆሞ ፍሬኑ ሲጠረጠር ታኮውን ይዞ ከጐማው ሥር የሚገባው እርሱ ነው፤ የዕቃው ባለቤት ግን የሹፌሩን ስም እንጂ የረዳቱን ስም አይጠይቅም። ከመዠንግር ዞን የሚወጣውን ቡና የሚለቅሙ ሴቶችም አሉ፤ ጥቁሩን፣ የተበሳውንና የተሰበረውን ፍሬ አንድ በአንድ በጣታቸው የሚለዩ። ላኪው ቡናው ከፍ ባለ ደረጃ ሲመደብለት ቀማሹን ያመሰግናል። ከ300 ግራም ናሙና ውስጥ የጉድለቱን ፍሬ ያሳነሰችው ግን ቀማሹ ሳይሆን ለቃሚዋ ናት።

እነዚህ ሥራዎች ለምን ተናቁ ተብሎ ቢጠየቅ፣ አንዱ መልስ በስማቸው ውስጥ አለ። ጫኝ የሚለው ቃል ለሥራው ነው፤ ሰው ሲናደድ ግን «ኩሊ» ይላል፤ ያም ቃል ከሥራ ስምነት ወደ ስድብነት ከተለወጠ ብዙ ጊዜው ነው። ይህ ልማድ በአገራችን ጥንታዊ ነው። ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ ሁሉ በሥራቸው ይሰደቡ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ንጉሡን እንደ መስደብ እንዲቈጠር፣ የተሳደበም ሰው አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዙ። ይህን አዋጅ ነጋዴዎች ሁሉ ሊያስታውሱት የሚገባቸው በተለየ ምክንያት ነው። በአዋጁ ከተቈጠሩት ተሰዳቢዎች አንዱ ራሱ ነጋዴው ነበርና። የጭነት ከብት እየነዳ አገር ለአገር የሚዞረው ነጋዴ በጨዋው ፊት የተናቀ ሰው ነበር። ዛሬ ነጋዴ የሚከበርበት፣ ምክር ቤት አቋቁሞ ከመንግሥት ጋራ የሚነጋገርበት ዘመን ላይ ተደርሷል። ትናንት የተሰደበበትን አፍ ዛሬ ተውሶ ጫኙን ቢሰድብበት እንዴት ያምርለታል?

ክብር ብቻውን እንጀራ አይሆንም የሚል ቢኖር ልክ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤቱንና መሥሪያ ቤቱን ባዘጋ ጊዜ፣ የጭነት መኪናውና ጫኙ አልቆሙም፤ በዓለም ሁሉ ለእንደነዚህ ያሉ ሠራተኞች ተጨበጨበላቸው። ጭብጨባው ሲያበቃ ደመወዛቸው በነበረበት ቀጠለ። በሎንዶን ግን የሆነው ሌላ ነው። ነሐሴ 1881 ዓ.ም. የሎንዶን ወደብ ጫኞች በሰዓት ስድስት ፔንስ ይከፈለን ብለው ሥራ አቆሙ። ያን ያህል ጊዜ ዓለም ስለ እነርሱ ደንታ አልነበረውም፤ በየማለዳው በወደቡ በር ተጋፍተው የሚመረጡ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ብቻ የሚቀጠሩ ሰዎች ነበሩ። አንድ ወር ያህል በዓለም ትልቁ ወደብ ዕቃው እንደ ቆመ፣ የሚበሰብሰውም እንደ በሰበሰ ቀረ። በመጨረሻ ስድስቱ ፔንስ ተፈቀደ። ነጋዴዎቹ በዚያ ወር የከሰሩት፣ አስቀድመው ቢከፍሉ ኖሮ ለስንት ጊዜ ይበቃቸው እንደ ነበረ ማስላት አያስቸግርም። ጋምቤላ ሎንዶን አይደለችም፤ ነገር ግን መኪና ቆሞ የሚውልበት ቀን ኪራይ በሁለቱም ከተማ ይቈጠራል።

እንግዲህ ሊደረግ የሚቻለው ምንድን ነው? ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። የጋምቤላ ነጋዴዎች በንግድ ምክር ቤታቸው በኩል ከጫኝና አውራጅ ማኅበራቱ ጋራ ተቀምጠው፣ ለዱቄት፣ ለሲሚንቶ፣ ለቆርቆሮና ለጠርሙስ ዕቃ ለየራሱ የማውረጃ ዋጋ በአንድ ወረቀት ላይ ቢወስኑ፣ ያም ወረቀት በአማርኛ፣ በአኝዋክኛና በኑዌርኛ ተጽፎ በየመጋዘኑ በር ቢለጠፍ፣ ጩኸቱ ይቀራል። ባለ ዕቃውም በገዛ ሰዎቹ ማውረድ ሲፈልግ መብቱ እንዲከበርለት በዚያው ወረቀት ይጻፍ። እህል ከደጋ የሚያስመጡት ነጋዴዎች ለሻጮቻቸው በ50 ኪሎ እንዲሸክፉላቸው ቢያዝዙ፣ የጆንያው ዋጋ በጥቂቱ ይጨምራል፤ ለትንሹ ቸርቻሪ መሸጡም እንደዚያው ይቀላል፤ ግማሽ ኩንታል የሚገዛ ደንበኛ ከሙሉው ይበዛልና። ከእያንዳንዱ ኩንታል ማውረጃም ጥቂት ሳንቲም እየተነሣ፣ ግማሹን ነጋዴው ግማሹን ማኅበሩ እያዋጡ፣ ለተጐዳ ሰው መታከሚያ የሚሆን ተቀማጭ በባንክ ቢከፈት፣ የመዋጮ ወረቀት በየሱቁ አይዞርም። የሱቁ ልጅም ቢሆን፣ በቋንቋው ለሚሠራው ሥራ ከጠረጋው የተለየ ደመወዝ ተቈርጦለት «አስተርጓሚ» ተብሎ በመዝገብ ቢጻፍ፣ ነገ ሌላ ሱቅ ተጨማሪ ብር ሰጥቶ ሲወስደው ባለቤቱ የሚያጣውን ዛሬ ያውቀዋል።

ከሒሳብ መዝገቡም አንድ ነገር ይቀየር። «የጫኝና አውራጅ ዋጋ» የሚል ዓምድ ከማጓጓዣው ቀጥሎ ቢከፈት፣ የሚያስፈልገው አንድ መስመርና አንድ ማስመሪያ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ድምሩ ሲወጣ፣ አንዳንዱ ባለ ሀብት ቍጥሩ ምን ያህል አነስተኛ እንደ ሆነ አይቶ ያፍር ይሆናል፤ አንዳንዱም ምን ያህል እንደ በዛ አይቶ ቅሬታውን በማስረጃ ያቀርባል። በሁለቱም መንገድ ንግግሩ የሚጀመረው ከቍጥር ነው። የሰኔው ዝናብ መንገዱን ሳያበላሽ፣ ለክረምቱ የሚከማቸውም ዕቃ መግባት ሳይጀምር ይህ ስብሰባ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ቢደረግ ይመቻል፤ በዚያ ወር ሁለቱም ወገን ገና አልተጣደፈምና።